ክርክር፦ ዓለም በአንድ የቀን መቁጠሪያ ትመራ?

አወያይ፦ ሜትርና ኪሎግራም ዓለምን ከሞላ ጎደል አስማምተዋል። ለቀን መቁጠሪያስ እንዲህ ያለ አንድ መለኪያ ይውጣለት? እንዳንደናገር ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፉ።

ሚዛን፦ ይውጣለት እንጂ! በ1930ዎቹ ለመንግሥታቱ ማኅበር የቀረበ ዕቅድ እኮ አለ። ዓመቱ እኩል አራት ቦታ ይከፈላል። እያንዳንዱ ሩብ 91 ቀን ነው፤ እሑድ ይጀምራል፣ ቅዳሜ ያልቃል። ልደትህ በየዓመቱ ያው ዕለት ላይ ይውላል። ለትምህርትና ለበጀት ምን ያህል እንደሚያቀል አስቡት።

ሰንበት፦ አራት ጊዜ 91 እኮ 364 ነው። የቀረችው አንድ ቀንስ? ዕቅዱ ከሳምንት ውጭ ያደርጋታል። ሰኞም ማክሰኞም አትባልም። እንግዲህ በየሰባት ቀኑ የሚያመልክ ሰው ምን ይሁን? ቆጠራውን ካላቋረጠ የጸሎት ቀኑ በየዓመቱ ይዞርና ሥራ ቀን ላይ ይወድቃል። አሜሪካም በ1955 ተመድ ላይ ለውጡን አልደግፍም ስትል ያነሳችው ይህንኑ የሃይማኖት ጉዳይ ነው።

ሚዛን፦ ሰው ይለምዳል። በ1582 የቀን መቁጠሪያው ሲታረም ሮም ውስጥ ኦክቶበር 4 ማታ የተኛ ሰው ሲነጋ ኦክቶበር 15 ሆኖ ጠበቀው።

ሰንበት፦ ወንድሜ፣ ይሄ የሚደግፈው እኔን ነው። አሥር ቀን ሲዘለል ሳምንቱን ማንም አልነካውም። ኦክቶበር 4 ሐሙስ ነበር፣ 15 ደግሞ ዓርብ። እንዲያም ሆኖ ብሪታንያ እስከ 1752፣ ሩሲያ እስከ 1918 አልተቀበሉትም። ፈረንሳይ በ1793 የአሥር ቀን ሳምንት አወጀች፤ 1806 ሲገባ መቁጠሪያው ከነጭራሹ ተሽሮ ነበር።

ቀመር፦ ሥሩን አልነካችሁትም። ዓመት በሙሉ ቀን አያልቅም፤ 365.2422 ገደማ ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር ደግሞ 354 ቀን ገደማ። ፀሐይን ስትይዝ ጨረቃ ታመልጥሃለች። ሜትር ግን ከ1983 ጀምሮ የቆመው በብርሃን ፍጥነት ላይ ነው። ብርሃን የማንም አገር አይደለም።

መለኪያ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ሜትርንም የሰው ስምምነት ነው የወለደው። መጀመሪያ ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ካለው ርቀት አሥር ሚሊዮንኛው ይሁን ተባለ። ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ለክተው ሲያወጡት 0.2 ሚሊሜትር ያህል አጠረ። አላረሙትም፣ ያንኑ ይዘው ቀጠሉ! የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይሁን የተባለውም የቀድሞው ርዝመት እንዳይለወጥ ነው። በ1875 አሥራ ሰባት አገሮች ፈርመው የጀመሩት ነገር ነው። በቀንም መፈራረም ይቻላል።

ሰንበት፦ ሜትር የማንንም የጸሎት ቀን አልነካማ!

ሚዛን፦ እሺ፣ ቀኗን ከሳምንት አናውጣት። ዓመቱ 364 ይሁንና በየአምስት ወይም በየስድስት ዓመቱ አንድ ሙሉ ሳምንት እንጨምርበት።

ቀመር፦ ሒሳቡ ይሠራል። ወቅቶቹ ግን ጥቂት ቀን ወዲህና ወዲያ ይዋልላሉ።

ሰንበት፦ እሱን እችላለሁ። በዚህኛው እንነጋገር።