የአባቴን የሕይወት ታሪክ እንዴት ልጻፈው?

የሻምበል ልጅ (ደሴ)
ሰላም ወገኖቼ። አባቴ ካረፈ ወር ሊሞላው ነው። በቀድሞው ሠራዊት መሐንዲስ ክፍል ሻምበል ነበር። ለአርባው በሚታተመው ወረቀት ላይ ታሪኩን ጻፊ ተብያለሁ። ቀብሩ ላይ የተነበበው ማዕረግና የዘመተበት ቦታ ብቻ ነው፣ እኔ የማውቀው አባቴ እዚያ ውስጥ የለም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ሰፈር ውስጥ ቤት የሚሠራ ካለ ሳይጠሩት ቱንቢውን ይዞ ይሄዳል፣ ግድግዳው ከዘመመ ይፍረስ ይላል፣ ከዚያ ቤት ገብቶ ሲሚንቶ የነካ እጁን ይታጠብና እናቴ ቡና እስክታፈላ የኛን የሒሳብ ደብተር ያያል። ይሄ ይጻፋል? ወይስ ለአርባ ወረቀት አይሆንም?

ፒያሳ ሰፈር
ነፍስ ይማር እህቴ። ይጻፍ እንጂ! ማዕረጉን በሁለት መስመር ጨርሺው። እናትሽንም አደራ። እሳቸው ግንባር ሲከርሙ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት፣ በየወረቀቱ ግን «ትዳር መሥርተው» ተብሎ ይታለፋል። ይሄ ሁሌ ያናድደኛል።

ጡረተኛው
እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ። እኔም መሐንዲስ ክፍል ነበርኩ፣ አባትሽን ግን በአካል አላውቀውም። ሰው መሐንዲስ ሲባል ቢሮ ተቀምጦ ፕላን የሚስል ይመስለዋል። ቤይሊ የሚባለውን ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ ስንዘረጋ አንዱን ፓነል ስድስት ሰው ይሸከመዋል፣ ክሬን የሚባል ነገር የለም፣ በዚህኛው ዳር እየገጣጠምን በሮለር ላይ እየገፋን ነው ማዶ የምናደርሰው። ፒኑ በትክክል መግባቱን አለቃው በእጁ እየዳሰሰ ያያል፣ በላዩ ላይ የሚያልፈው ካሚዮን ከነሰዉ ነዋ። ፈንጂም የምንለቅመው እኛ ነን። የዘመመ ግድግዳ አላሳልፍ ማለቱ ከዚያ የመጣ ነው፣ ሁለቱን አያይዘሽ ጻፊው። በ77ቱ ድርቅ የት እንደነበረም ጠይቂ። ያኔ የእርዳታ እህል ከአሰብ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ሲገባ መንገዱ ለወሎ ሰው ነፍስ ነበር።

የቅሬው ጸሐፊ
አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እህቴ። የኛን ቅሬ (እድር) ድንኳን ብረት የበየዱልን ሻምበል ናቸው መሰለኝ፣ ቱንቢ ይዘው የሚዞሩት ሌላ ሻምበል አላውቅም። ንፋስ ጥሎት አያውቅም። ገንዘብ ስንሰጣቸው «ለሐጂ ቤት ለቅሶ ነው፣ ምን ገንዘብ አለው?» ብለው መለሱልን። የሐጂ ልጆች አሁንም ሰፈር ውስጥ አሉ፣ ሄደሽ አናግሪያቸው፣ ብዙ ይነግሩሻል።

የሻምበል ልጅ (ደሴ)
አዎ እሱ ነው! ብየዳውን ግን ለኛ ነግሮን አያውቅም። ጁምዓ ከሰዓት እመጣለሁ፣ እናቴንም ይዣት እመጣለሁ።