«ስምንተኛው ሺህ ደርሷል» እያሉ ዓመት ቆርጦ መስበክ ዝም ሊባል ይገባልን?

የክርክሩ አቅራቢ፦
የዓለም ፍጻሜ በዚህ ወይም በዚያ ዓመት ይሆናል የሚሉ ሰባክያን በማኅበራዊ መገናኛዎች በርክተዋል። አብዛኞቹ ስለ መጨረሻው ዘመን ከሚተነብየው መጽሐፍ ከፍካሬ ኢየሱስ ጥቂት መስመር ያነብቡና «ስምንተኛው ሺህ ደርሷል» በሚለው የቆየ አባባል ያጸኑታል። እኔ የሃይማኖት አባቶችም መንግሥትም ሊያርሟቸው ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም ከራሱ ከአቆጣጠሩ እጀምራለሁ።

በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር፣ ከዓለም ፍጥረት እስከ ጌታ ልደት ያለው ዘመን 5500 ዓመት ነው፤ ለአዳም የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ ማለት ነው። በዚህ ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ፣ ማለትም ከፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ዘመን፣ 7518 ይሆናል። ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዛሬ ደረሰ የሚባለው ስምንተኛው ሺህ ከገባ 500 ዓመት አልፎታል፤ የሚያልቀውም ገና በ2500 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ይህን ስሌት ይዞ «የቀረን ሁለት ዓመት ነው» የሚል ሰው ሁለቱን ዓመት ከየት አመጣው?

የአብነት ተማሪ፦
መምህር፣ በስሌቱ አልከራከርዎትም። ነገር ግን ሕዝቡ ይህን እምነት እንዲሁ በከንቱ ይዞት እንደኖረ አድርገው ባያቀርቡት መልካም ነበር። ስምንተኛው ሺህ በገባ በሃያ ዓመቱ፣ በ1521 ዓ.ም.፣ የግራኝ አሕመድ ጦር የንጉሡን ሠራዊት ድል ያደረገበት የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ገዳማትና መጻሕፍት ሲቃጠሉ ያየ መነኩሴ ፍጻሜው ደረሰ ቢል ማን ይፈርድበታል? ፍካሬ ኢየሱስም ቢሆን ስለ መቅሠፍት ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አይደለም። ከመከራው ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል፣ ፍትሕም ይሰፍናል ይላል። ድሀ የሚበድለውን ባለሥልጣን ፊት ለፊት መናገር በማይችልበት ዘመን፣ ይህ ተስፋ የአቤቱታው መሸሸጊያ ነበር። እኔ በተማርሁበት ጉባኤ ቤት አረጋውያኑ ታሪኩን ሲያወርዱት ማንንም አላስፈራሩበትም፤ «የሰውን እንጀራ አትንኩ» ለማለት ነበር የሚጠቅሱት።

የታሪክ መምህር፦
ወንድማችን የጠቀሱት የቴዎድሮስ ነገር ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት፤ ትንቢት በሥልጣን እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ የለንምና። ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ የመረጡት ስመ መንግሥት ይኸው ከትንቢቱ የሚጠበቀው ስም ነበር። ስሙ ከሠራዊት የማይተናነስ ኃይል እንደሰጣቸው አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ በሰፊው የሚነገረው ትንቢት ንጉሡ 40 ዓመት በሰላም ይገዛል ሲል፣ እሳቸው በ13ኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። ትንቢቱ ግን አብሮ አልሞተም፤ «እውነተኛው ቴዎድሮስ ገና ይመጣል» ተባለና ቀጠለ። ዓመት የሚቆርጡት ሰባክያን ተጠያቂ የማይሆኑትም በዚሁ መንገድ ነው፤ የተናገሩት ሳይሆን ሲቀር ቀኑን ወደፊት ይገፉታል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የሞስኮ ቤተ ክርስቲያን ዓመተ ዓለሙን ከእኛ ትንሽ ለየት አድርጋ ትቆጥር ስለነበር፣ ሰባት ሺሁ የሞላባት በፈረንጆች 1492 ነበር። የፋሲካ ማውጫ ሰንጠረዡም እዚያው ላይ ቆሞ ነበር፤ ዓመቱ በሰላም ሲያልፍ ሜትሮፖሊታን ዞሲማ አዲስ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰው፣ ክፉ ቀን በተባለው ረሀብ ከብቱ ሁሉ አልቆ፣ የሚያርስበት በሬ ያጣው ገበሬ በየመንገዱ ሲወድቅ፣ የምጽአት ቁጣ ነው ያለው ብዙ ነበር። ከብቱን የፈጀው ግን በምጽዋ በኩል ከገቡ የታመሙ ከብቶች የተዛመተው ደስታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ነበር። ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። ያን ጊዜ የመጨረሻው ቁጣ ነው ብሎ እጁን ከሚያጣጥፍ ሰው ይህ መድኃኒት ሊገኝ አይችልም ነበር።

እኅት ከጅዳ፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጉዳዩ ግን የሁላችንም ስለሆነ ልናገር። አብራኝ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት «ዓለም ሊያልፍ ነው፣ ገንዘብ ለምን ታጠራቅሚያለሽ» የሚል የድምፅ መልእክት በየሌሊቱ ትሰማ ነበር። ዕቁቧን አቋርጣ፣ ለልጇ ትምህርት የያዘችውን ሁሉ ለዚያው ሰባኪ ላከችለት። ሰባኪው ዓለም ያልፋል እያለ ገንዘቡን ለምን እንደሚፈልገው ብጠይቃት መልስ አልነበራትም። በእኛ ዘንድ የሰዓቲቱ ዕውቀት አላህ ዘንድ ብቻ መሆኑ በቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ ተነግሯል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከአንዳችሁ እጅ የተምር ችግኝ እያለ ቂያማ (የትንሣኤ ቀን) ብትቆም፣ መትከል ከቻለ ይትከላት ብለዋል። እኔ ይህን ሐዲስ ነገርኋት፤ እሷም ማቴዎስ 24፥36 ላይ ቀኑን ከአብ በቀር ማንም እንደማያውቅ ተጽፎ አገኘችና አሳየችኝ።

የሕግ ባለሙያ፦
አቅራቢው «መንግሥት ያርም» ባሉት አልስማማም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የትኛው ትርጓሜ ትክክል እንደሆነ ፍርድ ቤት ሊወስን አይችልም። በሌላ በኩል አንቀጽ 27 የሃይማኖት መገለጫ የሕዝብን ደኅንነትና ጤና እንዲሁም የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ «ዓለም ያልፋል» ያለን ሰው ሳይሆን በዚያ ስም ገንዘብ ያታለለን ወይም ሕመምተኛን መድኃኒት ያስጣለን ሰው መክሰስ ይቻላል።

የአብነት ተማሪ፦
ሕጉ እንዲህ ከሆነ የሚደርሰው ከጉዳቱ በኋላ ነው። በኬንያ ሻካሆላ ጫካ ተከታዮች «ጾማችሁ ከክርስቶስ ትገናኛላችሁ» ተብለው ከ400 በላይ አስከሬን ከመሬት የወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ፖሊስ ሲደርስ ብዙዎቹ ተቀብረው ነበር። ስለዚህ ቀድሞ የሚደርሰው ዐውደ ምሕረቱ፣ የቤተ ክርስቲያን የስብከት መድረኩ፣ ነው እላለሁ። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ባሕረ ሐሳብ በወጉ ይሰጥ፤ ልጆቻችን በዓላት የሚወጡባቸውን ቁጥሮች፣ መጥቅዕና አበቅቴን፣ አውጥተው፣ ዐቢዩ ቀመር የሚባለው የዘመን ዑደት በየ532 ዓመቱ እየዞረ ጾምና በዓል የሚወጣበት እንጂ የምጽአት ቀን የሚሰላበት አለመሆኑን በእጃቸው ይረዱት።

የክርክሩ አቅራቢ፦
የሕግ ባለሙያውን ማሳሰቢያ ተቀብዬ ጥያቄዬን ወደ አባቶች ብቻ አዞራለሁ። ዓመት ቆርጦ የሰበከና ዓመቱ ያለፈበት ሰባኪ በዚያው መድረክ ቆሞ «የተናገርሁት አልሆነም» እስኪል ድረስ ዐውደ ምሕረት አይሰጠው። በዚህ የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ቢያቀርብልን እንወያይበታለን።