ለሦስት ሞተር ሳይክል አቅሜ የሚችለው ኢንሹራንስ እንዴት ላግኝ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። ሦስት ሞተር ሳይክል አለኝ። ባለ 125 ሲሲው በየቀኑ ሥራ የምመላለስበት ነው፤ ባለ 650ው ለረጅም መንገድ ብቻ ይወጣል። ሦስተኛው የአባቴ የነበረ አሮጌ ሞተር ነው፣ በዓመት ጥቂት ቀን ቢነዳ ነው። እሱን ሽጠው እንዳትሉኝ፣ አላደርገውም።

እስካሁን ለእያንዳንዱ የየራሱን ውል ነው የማድሰው። የሚከነክነኝ ይሄ ነው፦ ሦስት ዓረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) እከፍላለሁ፣ በአንድ ጊዜ የምነዳው ግን አንዱን ብቻ ነው። ቆመው ለሚውሉት ሁለቱ የምሰጋው ሌባና እሳት እንጂ ግጭት አይደለም። ሁሉንም በአንድ ውል ጠቅልሎ የሞከረ አለ? አንዱ ላይ አደጋ ደርሶ ካሳ ብጠይቅ የሦስቱም ዓረቦን ይጨምራል ወይስ የዚያው ብቻ? ካሳ ሳልጠይቅ የቆየሁባቸው 6 ዓመታትስ ለዓረቦን ቅናሽ በሁሉም ላይ ይታሰቡልኛል?

ለአሮጌው የስርቆትና የእሳት ሽፋን ብቻ ልግዛ ብዬ ነበር፤ ግን በዚያ ብቻ መንገድ ላይ ላወጣው አልችልም፣ ቢያንስ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ያስፈልገዋል። ደግሞ ዋጋውን አስቀድመን ካልተስማማንበት፣ ቢሰረቅ የእርጅና ተቀናሽ ተሰልቶ የማይረባ ገንዘብ ነው የሚደርሰኝ። በዚህ ያለፋችሁ፣ መጀመሪያ ምን ልጠይቃቸው? እድሳቱ 3 ሳምንት ነው የቀረው።