የትምህርት ቤቱ የልብስ ዝርዝር ግራ አጋባኝ (ከሜሪላንድ ወደ ለንደን)

ጥያቄ፣ አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 9 ዓመት ሜሪላንድ ኖረን ባለፈው ወር ለንደን ገባን። ልጄ 5 ዓመቷ ነው፤ ሰኞ ትምህርት ትጀምራለች። የተላከልኝ ዝርዝር «ሰማያዊ ጃምፐር፣ ግራጫ ፒናፎር፣ ነጭ ቬስት፣ ጥቁር ፕሊምሶል» ይላል። አሜሪካ ጃምፐር የሚሉት ከሸሚዝ ላይ የሚደረበውን እጅጌ የሌለው ቀሚስ ነው። እሱኑ በሰማያዊ 2 ገዛሁ። ቬስት ሲሉኝ ደግሞ የልጅ ሰደርያ ፍለጋ ስዞር ዋልኩ። ቀሚሱን ይዤ ሄጄ ባሳያት አስተማሪዋ «ይሄ እኮ ጃምፐር አይደለም» አለችኝ። ምን ልግዛ? እባካችሁ ጨንቆኛል።

የሁለት ልጆች እናት፦
አይዞሽ እህቴ፣ ቀላል ነው። ጃምፐር እዚህ በጭንቅላት የሚጠለቅ ሹራብ ነው። አንቺ የገዛሽውን ዓይነት ቀሚስ ፒናፎር ይሉታል፤ ስለዚህ ደረሰኙን ይዘሽ በግራጫ አስቀይሪው። ቬስት ከሸሚዝ ስር የሚለበስ ካናቴራ ነው። ሰደርያውን ዌስትኮት ነው የሚሉት። ፕሊምሶል ለስፖርት የሚሆን ስስ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ነው፤ ለትንንሾቹ ማሰሪያ የሌለውን፣ ከላይ በላስቲክ የሚያዘውን ግዢ፣ ራሷ ታጠልቀዋለች። ሱፐርማርኬቶቹ ጋ፣ ቴስኮም አዝዳም ሁሉም አለ። ደግሞ አንገትጌው ላይ ስሟን ጻፊበት፤ ክፍሉ ሙሉ ልጅ አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሶ፣ ሲሞቃቸው አውልቀው ይጥሉታል።

ከብሪክስተን፦
ቁጥሩንም ተጠንቀቂ። የጫማ ቁጥር እዚህ ከአሜሪካው ያንሳል፤ ሳጥኑ ላይ የአውሮፓውን ቁጥር እዪ፣ እሱ አይለወጥም። ላንቺ ቀሚስ ስትገዢ ደግሞ 4 ጨምሪ፤ የአሜሪካ 8 እዚህ 12 ነው።

አቡሽ፦
ከሁሉ በላይ «ፓንትስ»ን እርሺ። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሳምንት ባልደረባዬን «ፓንትስህ ያምራል» ብዬው ሰውየው ፊቱ ቀላ፣ ጎን ያሉት ሥራቸውን አቆሙ። እዚህ ፓንትስ የውስጥ ሱሪ ነው፤ አዲስ አበባ ፓንት እንደምንለው ማለት ነው። ሱሪ ትራውዘርስ ነው። ወገብ ላይ የምትታሰረውን ቦርሳ ባም ባግ በይ። አሜሪካኖቹ ፋኒ ፓክ ይላሉ፤ ፋኒ ግን እዚህ የሴት ብልት ስም፣ ነውር ቃል ነው። «ፒስድ» ብለሽ ከተናገርሽም ሰክሬያለሁ እንዳልሽ ይቆጠራል። ለንዴት «ኦፍ» ይጨመርበታል፤ ቢሆንም ልጅ ፊት አይባልም።

አዲስ ገቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደረሰኙ አለኝ፣ ነገ ጠዋት አስቀይራለሁ። አንድ ልጨምር፤ «ትሬነርስ» የሚሉት ስኒከር ነው አይደል?

የሁለት ልጆች እናት፦
አዎ፣ እሱው ነው። ግን ለክፍል አብዛኛው ትምህርት ቤት ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው የሚፈልገው፤ ሳትገዢ ጠይቂያቸው።