«ጥሩር የለበሰ መኪና» ይባላል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው። ሰሞኑን የባንክ ብር ስለሚያመላልስ፣ ጥይት ስለማይበሳው መኪና የሚያወራ ጽሑፍ ደረሰኝ። «ጥሩር የለበሰ መኪና» አልኩት፤ ጥሩር የጥንት ተዋጊ ደረቱ ላይ የሚለብሰው የጦር ልብስ ነው። አራሚዬ ሰርዞ «ብረት ለበስ» አደረገው። ከፋኝ። «የጽድቅንም ጥሩር ለብሳችሁ» የሚለውን የኤፌሶን 6 ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ ነው የማውቀው። ጥሩር ምን ጎደለው?

የድሮ መካኒክ፦
ልጄ፣ ቃሉ ምንም አልጎደለውም። ቦታው ነው የተሳሳተው። ጥሩር ሰው የሚለብሰው ነው። ጎልያድን አስቢው፤ የጥሩሩ ሚዛን 5000 ሰቅል ናስ ነበር። ሲመሽ ያወልቀዋል። መኪና ምኑን ያወልቃል?

እኔ በደርግ ጊዜ ቢቲአር 60 የሚባለውን የሶቪየት ወታደር ማመላለሻ ስጠግን ነው ወጣትነቴ ያለቀው። ስምንት ጎማ አለው። ከኋላ ሁለት የቤንዚን ሞተር ጎን ለጎን ተቀምጧል። እጄ ስንቴ እዚያ መሃል ተላልጧል! ብረቱ ቢበዛ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ልብሱ አይደለም፣ ገላው ነው። ጋራዥ ውስጥ «ቢቲአሩ» ነበር የምንለው። «ብረት ለበስ» ወረቀት ላይና ሬዲዮ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ታንክም ብረት ነው፤ ግን ዜናው «ታንኮችና ብረት ለበሶች» ብሎ ይለያቸዋል። ሁለተኛው፣ ብረት ለበሱ፣ ወታደር ጭኖ የሚሄደው ነው። ስለዚህ «ብረት ለበስ» ብለሽ ብቻ ከተውሽው አንባቢው ጦር ሜዳ ይታየዋል። «ብረት ለበስ የገንዘብ ማጓጓዣ» በይው። መስታወቱን ደግሞ «ጥይት የማይበሳው»።

የአማርኛ መምህር፦
ጋሼ ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። «ነጭ ለባሽ»፣ «ሲቪል ለባሽ» ስንል ሰው ነው፤ ራሱ መርጦ ይለብሳል። «ለበስ» ግን ሠሪው ላለበሰው ዕቃ ነው። «ብረት ለባሽ መኪና» የሚል ጽሑፍ አልፎ አልፎ አያለሁ፤ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ለነገሩ አያቴ ኤሊን «ድንጋይ ልብሱ» ነበር የምትላት። እንዴት ያለ ስም ነው!

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አስተካክዬዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ከመኪናው የሚወርደው ጠባቂ ደረቱ ላይ ያጠለቀውስ?

የድሮ መካኒክ፦
ሰዉ «ጥይት መከላከያ ሰደርያ» ይለዋል። እሱ ግን ይለበሳል፣ ማታ ይወልቃል። ጥሩርሽን እዚያ ጻፊው።