የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ፦ ችሎት ፊት ምን ልበል?

ጥያቄ (ከአዘዞ)
ሰላም ወገኖች። እንጨት ቤት ስሠራ መጋዙ የቀኝ እጄን ሁለት ጣት ወሰደብኝ። የሐኪሞች ቦርድ «ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት» ብሎ በመቶኛ ጽፎልኛል። አሠሪዬ ግን «የራሱ ጥፋት ነው» ብሎ ካሳ አልከፍልም አለ። ከስሼዋለሁ፤ ቀጠሮው እዚሁ ጎንደር ነው። ጠበቃ የለኝም። ምን ተዘጋጅቼ ልግባ?

መልስ (ሕግ የተማርኩ)
አይዞህ። በአዋጅ 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ግን አሠሪው ከኃላፊነት ያመልጣል። በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እዚያው ይቆጠራሉ። ስለዚህ መስቀለኛ ጥያቄው (የተከሳሽ ወገን አንተንና ምስክርህን የሚጠይቀው) የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። መጋዙ መከለያ ነበረው? አሠራሩን ማን አሳየህ? የተጻፈ መመሪያ ፈርመሃል? እነዚህን አስብባቸው። የደመወዝ ማስረጃም ያዝ። የጡረታ ወይም የኢንሹራንስ ሽፋን ከሌለህ ሙሉ ጉዳት የ5 ዓመት ደመወዝ ነው፤ ያንተ በቦርዱ መቶኛ ይሰላል።

መልስ (ከማራኪ)
እኔ የምፈራልህ ሌላ ነገር ነው። ዳኛዋ «አሁን እንዴት ነህ?» ብትልህ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እንዳትል! የጎንደር ሰው አፉ ላይ ያለችው እሷ ናት፤ ወንድሜ ብሏት የተከሳሽ ጠበቃ እስከ መጨረሻው ይዟት ዞረ። «እጄ ያስቸግረኛል» ማለትም አይበቃም። እንጀራ ስትቆርስ ወጡ ከእጅህ ይንጠባጠባል? የሸሚዝህን ቁልፍ ማን ይቆልፍልሃል? መዶሻ ጨብጠህ ስንት ምስማር ትመታለህ? እንዲህ እንዲህ ያለውን ተናገር። የምትችለውን ግን አልችልም አትበል፤ በአንዷ ከተያዝክ የቀረውም አይታመንልህም።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ስጎዳ ያየው ልጅ ግን አሁንም እዚያው ይሠራል፣ መመስከር ፈራ።

መልስ (ሕግ የተማርኩ)
ስሙ ከክሱ ጋር ባስገባኸው የማስረጃ ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ ፍርድ ቤቱ መጥሪያ እንዲያወጣለት ጠይቅ። «ተጠርቼ ነው» የሚልበት ወረቀት ይኖረዋል። ምስክር እስኪጠራ ውጭ ነው የሚጠብቀው፤ ምን እንደሚል አታስጠናው። ያየውን ብቻ ይበል። የሰማው ነገር ብዙ አይጠቅምህም።

መልስ (ከፒያሳ)
የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የቦርዱን ወረቀት፣ የሕክምና ካርድህንና የክሱን ኮፒ ይዘህ ከቀጠሮው ቀደም ብለህ ሂድ።