ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ጭቃ ውስጥ የወጣ ጢንዚዛ፦ ምንድን ነው? እንዴትስ ይገለጻል?

ሸምበቆ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በባቱ በኩል የዝዋይ ሐይቅ ውሃ ሸሽቶ እርጥብ ጭቃ የቀረበት ቦታ ላይ፣ የፍልፈል ቁፋሮ የሚመስሉ ቀጫጭን ጉብታዎች አሉ። ሲገለጡ ጢንዚዛ ይወጣል። 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ክንፉ ላይ ቢጫ ዥጉርጉር ያለበት። 6 ናሙና 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አለኝ። የእበት ጢንዚዛ ነው? አዲስ ዝርያ ከሆነስ ለመግለጽ ምን ያስፈልጋል?

ወረንጦ፦
ሄቴሮሴሪዴ የሚባለው አስተኔ (የተቀራረቡ ወገኖች ስብስብ) ይመስላል። በጭቃው ውስጥ እየቦረቦረ አልጌና ብስባሽ የሚበላ ነው። ለማረጋገጥ መጀመሪያ አንቴናውን ይዩ። አጭር ሆኖ የመጨረሻዎቹ 7 አንጓዎች እንደ መጋዝ ጥርስ ከተደረደሩ እሱው ነው፤ የእበት ጢንዚዛ አንቴና ጫፍ ግን እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይገለጣል። የፊት እግሩ ቅልጥም በውጭ በኩል እንደ ሚዶ የተሰካ ወፍራም እሾህ አለው። የእግሩን ጫፍ አንጓዎች ይቁጠሩ፤ 4 መሆን አለባቸው፣ የእበት ጢንዚዛ 5 አለው። የፊት እግር ላይ እሾሁ መሃል ጭቃ ስለሚደርቅ አቆጣጠር ያሳስታል፤ የኋላውን ይቁጠሩ።

ከዚያው ጭቃ ብሌዲየስ የሚባል ሌላ ጢንዚዛም ይወጣል፤ የእሱ የክንፍ ሽፋን አጭር ስለሆነ ሆዱ ተጋልጦ ይታያል። ወገበ ቀጭንና አብረቅራቂ ካገኙ ዲሽሪየስ የሚባለው ጢንዚዛ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌሎቹን አዳኝ ነው።

አጉሊ መነጽር፦
በዥጉርጉሩ ዝርያ አይወስኑ። በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ይለያያል፤ ከሙሽሬነት ገና የወጣው ደግሞ ገርጥቶ ሌላ ይመስላል። ወሳኙ የወንዱ የመራቢያ አካል ነው።

ናሙናውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያለስልሱት፤ አልኮል ስለሚያደርቀው እንዲሁ ከተነካ እግሩ ይሰበራል። ጭቃውን በለስላሳ ብሩሽና በአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያጽዱ። የሆዱን ጫፍ በቀጭን ወረንጦ ለይተው፣ 10 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ (ሥጋውን የሚያሟሟ ኬሚካል) በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠው ሌሊቱን ያሳድሩት። ዱቄቱን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አያፍስሱ፤ ይፈላና ይረጫል። ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ጠዋት በውሃ አጥበው ግሊሰሪን ውስጥ ይሳሉት። የተሳለውን አካል ከባለቤቱ ናሙና እንዳትለዩ፤ ከተለያየ ዋጋ የለውም።

ደለል፦
6 ለመግለጫ ያንሳል። ጉብታው ላይ ውሃ እየረጩ በእግር ሲረገጥ ራሳቸው ይወጣሉ። ማታ ነጭ አንሶላ ዘርግቶ መብራት ማብራትም ይሠራል፤ ግን ከየትኛው ጭቃ እንደመጡ አይታወቅም። ጥቂቶቹን 95 በመቶ አልኮል ውስጥ አድርገው ያቀዝቅዙ፤ 70 በመቶው ለዲኤንኤ ብዙም አይመችም።

መለያ ወረቀቱን በእርሳስ ይጻፉ፣ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ቦታ፣ መጋጠሚያ ነጥብ (ኬክሮስና ኬንትሮስ)፣ ከፍታ፣ ቀን፣ ሰብሳቢ፣ የአሰባሰብ ዘዴ ይጻፍበት። ቀኑን ወደ እ.ኤ.አ. ካልቀየሩ የውጭ አንባቢ የእኛን 2017 በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ይህ ስህተት በኋላ አይታረምም።

አጉሊ መነጽር፦
አዲስ ነው ለማለት በመጀመሪያ ከአፍሪካ ከተገለጹት ጋር ይነጻጸራል። ሄቴሮሴረስ የሚለውን የዚህ አስተኔ የወገን ስም የነፍሳት ተመራማሪው ፋብሪሲየስ ያወጣው በ1792 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ፣ የተከማቸው ስም ቀላል አይደለም። ከተረጋገጠ አንድ ናሙና ሆሎታይፕ (የዝርያው ስም ዋና ማመሳከሪያ) ተብሎ በግልጽ ይሰየማል፣ የሚቀመጥበት ሙዚየምም ይጻፋል። በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚወጣ ጽሑፍ ከሆነ ዙባንክ (የእንስሳት ሳይንሳዊ ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ) ላይ ካልተመዘገበ ስሙ አይጸናም። ናሙና ወደ ውጭ ከመላክዎ በፊት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ይጠይቁ።

ሸምበቆ፦
አመሰግናለሁ። አንቴናውም የእግር አንጓውም እንዳላችሁት ነው። ግን የሁለቱ መንጋጋ ከአራቱ በጣም ይበልጣል። ሁለት ዝርያ ይሆኑ?

ወረንጦ፦
ወንዶቹ ይሆናሉ፤ በብዙዎቹ የወንዱ መንጋጋ ይገዝፋል። ከፍተው ለማየት ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፣ ሌላውን አይንኩት።